ያልተወደደ ሕንፃን ማዳን፦ የዋሽንግተኑ ማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት ጉዳይ

የፋሲል ግንብ ይፍረስ የሚል ሰው የለም። በ1960ዎቹ የተሠራ የብረትና የመስታወት ሕንፃ ይፍረስ ለማለት ግን ማንም አያፍርም። እነዚህ ሕንፃዎች ቅርስ ለመባል ገና ናቸው፤ አዲስ ለመባል ደግሞ አርጅተዋል። ቧንቧቸው ያፈሳል፣ ሊፍታቸው ይቆማል፣ የቆሙበት መሬት ዋጋም ከራሳቸው በልጧል። ተከራካሪ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ ዶዘሩ በራቸው ላይ ከቆመ በኋላ ነው።

እዚህ የሚቀርበው ጉዳይ ከ2006 እስከ 2020 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የተካሄደ ነው። ሕንፃው የከተማው ዋና ቤተ መጻሕፍት ነው። ብዙ ተጠቃሚ አይወደውም ነበር፤ የከተማው አስተዳደር ሊለቀው ወስኖ ነበር፤ በመጨረሻ ግን እዚያው ቆሞ ታደሰ። በክርክሩ የተሳተፉ ሰዎች ስም ሆን ተብሎ ቀርቷል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሕንፃው

የነደፈው ሉድቪግ ሚስ ፋን ደር ሮኸ ነው፤ ኒው ዮርክ ያለውን የሲግራም ሕንፃ የሠራው ጀርመን ተወላጅ አርክቴክት። ሥራውን የተረከበው በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲሆን መሠረቱ የተቆፈረው በ1968 ነበር። ሚስ በነሐሴ 1969 ሞተ፤ ሕንፃው የተከፈተው በ1972 ነው። ከነደፋቸው ቤተ መጻሕፍት የተገነባለት ይህ ብቻ ነው፤ በዋሽንግተንም ሌላ ሕንፃ የለውም። ኪንግ በሚያዝያ 1968 ስለተገደሉ ሕንፃው በስማቸው ተሰየመ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቤተ መጻሕፍትም መታሰቢያም ነው። ይህ ነጥብ ኋላ ላይ ከሚስ ስም ይልቅ ለብዙ የከተማው ነዋሪ ክብደት ያለው ሆኖ ተገኝቷል።

ዘጠነኛው ጎዳና ከጂ ጎዳና የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው፤ ከጋለሪ ፕሌስ ሜትሮ ጣቢያ መውጫዎች አንዱ አጠገቡ ይወጣል። ከመሬት በላይ አራት ፎቅ፣ ከሥሩም ምድር ቤቶች አሉት፤ ጠቅላላ ስፋቱ ወደ 400,000 ካሬ ጫማ ይደርሳል፣ በሜትር ሲሰላ 37,000 ካሬ ሜትር አካባቢ። የብረት አምዶቹ በየ30 ጫማው ተተክለዋል። የምድር ወለሉ መስታወት ከአምዶቹ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል፤ እግረኛ በዝናብ ጊዜ ሕንፃው ሥር ተጠልሎ ያልፋል። ከላይ ያሉት ሦስት ፎቆች የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም የተቀባ ብረትና የነሐስ መልክ ያለው መስታወት ለብሰዋል። ውስጡ ሲገቡ ከፍ ያለ ታላቅ አዳራሽ ይቀበላል። ደረጃዎች፣ ሊፍቶች፣ መጸዳጃ ቤቶችና የአየር ቱቦዎች ደግሞ ዳር ዳር ባሉ፣ በቢጫማ ጡብ በተዘጉ ማማዎች ውስጥ ተሸሽገዋል። በ1986 ዶን ሚለር የኪንግን ሕይወት የሚያሳይ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል በአዳራሹ ሠርቷል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልብ ይባል። መዋቅሩ ሲሰላ አምስተኛ ፎቅ መሸከም እንዲችል ተደርጎ ነው። ያ ፎቅ በወቅቱ አልተሠራም፤ አቅሙ ግን በአምዶቹ ውስጥ ተቀምጦ ቀርቶ ነበር።

ችግሩ

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሕንፃው የሚያሳፍር ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ሊፍቶቹ ይበላሻሉ፤ ማቀዝቀዣው አንዱን ክፍል በረዶ ሲያደርግ ሌላውን ያቃጥላል፤ መጸዳጃ ቤቶቹ ይዘጋሉ፤ መብራቱ ደብዛዛ ነው። የኪንግን መገደል ተከትሎ ከተነሣው የ1968 ሁከት በኋላ የተራቆተው መሃል ከተማ ደግሞ በዚያ ሰሞን እንደገና እየተነሣ ነበርና በሕንፃው ዙሪያ ያለው መሬት ውድ ሆነ።

ነዋሪው ስለ ሕንፃው ሲናገር ሦስት የተለያዩ ቅሬታዎችን በአንድ ቃል ያቀርብ ነበር። አንደኛው «ያስጠላል» ነው፤ ይህ የጣዕም ጉዳይ ነው። ሁለተኛው «ተበላሽቷል» ነው፤ ይህ የጥገና በጀት ጉዳይ ነው። ሦስተኛው «እዚያ መግባት ይከብዳል» ነው፤ ይህ ደግሞ ቀኑን የሚውሉበት ሌላ ቦታ የሌላቸው መጠለያ አልባ ሰዎች ሕንፃውን እንደ ማረፊያ መጠቀማቸው ያስከተለው ስሜት ነው። ሦስቱ ሲደባለቁ መደምደሚያው አንድ ይሆናል፤ ሕንፃው ይነሣ። አዲስ ሕንፃ ቢሠራ ግን መጠለያ የሌለው ሰው መጠለያ አያገኝም፤ ጥገና የማይመደብለት ሊፍትም ከዓመታት በኋላ ይቆማል።

ሕንፃው ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም። እውነተኛ የንድፍ ጉድለት ነበረበት፤ ተከራካሪ ይህን ከደበቀ ይሸነፋል። ትልቁ ጉድለት ደረጃው ነው። በጡብ ማማ ውስጥ የተዘጋው ደረጃ የእሳት አደጋ መውጫ እንጂ የሕዝብ መውጫ አይመስልም፤ እንግዳ ሰው ፈልጎም አያገኘውም። ስለዚህ ወደ ላይ የሚወጣው ሁሉ ሊፍት ይጠብቃል። ሊፍቱ ሲቆም ከምድር ወለል በላይ ያለው ሦስት ፎቅ ለተጠቃሚው እንደሌለ ይቆጠራል። የሊፍት ብልሽት በሌላ ሕንፃ ውስጥ ምሬት ነው፤ እዚህ ግን አገልግሎቱን ራሱን ያቋርጥ ነበር።

2006፦ «ለቀን እንውጣ»

በ2006 የከተማው አስተዳደር ዕቅዱን ይፋ አደረገ። ቤተ መጻሕፍቱ ጥቂት መንገድ ወደሚርቀው፣ የቀድሞው የስብሰባ ማዕከል ወደፈረሰበት ባዶ ቦታ ይዛወር፤ ነባሩ ሕንፃ ለግል አልሚ በረጅም ሊዝ ይሰጥ፤ ገቢው ለአዲሱ ግንባታ ይዋል የሚል ነበር። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። በርካታ የቤተ መጻሕፍት ወዳጆችም ደግፈውታል፤ አዲስ ሕንፃ ማግኘት የሚቻለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበርና።

ተቃውሞው ከአንድ ወገን አልመጣም። የዘመናዊ ሥነ ሕንፃ ወዳጆች ስለ ሚስ ተናገሩ። ሌሎች የሕዝብ መሬት ለግል መሰጠቱን ተቃወሙ። የኪንግ መታሰቢያ ወደ ቢሮ ሕንፃነት መለወጡ ያስቆጣቸውም ነበሩ። የገንዘቡ ስሌት ያልታያቸውም አልጠፉም። የከተማው ምክር ቤት ሕጉን ሳያጸድቀው ቀረ። ያን ጊዜ ሕንፃውን ያቆየው የውበት ክርክር አልነበረም። የተለያየ ምክንያት ያላቸው ሰዎች አንድ የምክር ቤት ድምፅ ላይ ተገናኙ እንጂ እርስ በርስ እንኳ አልተስማሙም።

ታዛቢ እዚህ ላይ «አበቃ፣ ዳነ» ሊል ይችላል። አላበቃም። አንድ ምክር ቤት የተወውን ሌላው ምክር ቤት ያነሣዋል። የሕግ ከለላ ያስፈልግ ነበር፤ ቀጣዩ ዓመትም ለእሱ ዋለ።

ማመልከቻው

የዋሽንግተን ሥርዓት ከብዙ ከተሞች ጠንካራ ነው። መሠረቱ የ1978ቱ የታሪካዊ ሕንፃዎችና ሰፈሮች ጥበቃ ሕግ ነው። አንድ ሕንፃ በከተማው መዝገብ ታሪካዊ ተብሎ ከሰፈረ ባለቤቱ ለማፍረስ የከንቲባው ወኪል የሚባለውን ችሎት ማሳመን አለበት። የሚያሳምነውም በዋናነት በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ማፍረሱ ለሕዝብ ልዩ ጥቅም ያለውን ግንባታ ያስገኛል ብሎ፣ ወይ ጥበቃው ከባድ የኢኮኖሚ ጉዳት ያደርስብኛል ብሎ። ከዚህም በላይ የሚጠቅመው ሕንፃው በከተማው መዝገብ ይስፈር የሚለው ማመልከቻ ገቢ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ፣ ውሳኔ ሳይሰጥ እንኳ፣ የማፍረሻ ፈቃድ እንደ ዋዛ የማይሰጥ መሆኑ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። የፈቃድ ጥያቄ ከቀደመ ግን ነገሩ ይከብዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብሔራዊ መዝገቡን ከከተማው መዝገብ በመቀላቀል ነው። በፌዴራሉ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ መስፈር ክብር ነው፤ የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ ያለበትን ሥራ ያስመረምራል፤ ለንግድ ሕንፃ ባለቤትም የግብር ቅናሽ ያስገኛል። በራሱ ገንዘብ የሚያፈርስን የግል ባለቤት ግን አያስቆምም። የሚያስቆመው የከተማው ሕግ ነው። የሚስ ቤተ መጻሕፍት በሰኔ 2007 በከተማው መዝገብ፣ በጥቅምት 2007 ደግሞ በብሔራዊው መዝገብ ሰፈረ። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነበር።

ማመልከቻውን ግለሰብ ብቻውን አያቀርብም። የሚያቀርበው የሕንፃው ባለቤት፣ የመንግሥት አካል፣ ኤኤንሲ እየተባለ የሚጠራው የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን፣ ወይም በመተዳደሪያ ደንቡ የቅርስ ጥበቃን ዓላማው ያደረገ ድርጅት ነው። ስለዚህ ሕንፃ የሚያሳስበው ነዋሪ የመጀመሪያ ሥራው ፊርማ ማሰባሰብ አይደለም፤ ማመልከት የሚችል አካል ማግኘት ነው። የኤኤንሲ አስተያየት በሕግ ልዩ ክብደት ይሰጠዋል፤ ማመልከቻውን መርምሮ የሚወስነው የከተማው የቅርስ ጥበቃ ቦርድ ባይቀበለው እንኳ ያልተቀበለበትን ምክንያት መጻፍ አለበት። ከመቶ ፊርማ አንድ የኤኤንሲ ውሳኔ የሚበልጠው ለዚህ ነው።

የሰነዱ ዝግጅት አድካሚ ነው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ የሕንፃ ገጽታ ይገለጻል፤ የአምድ ብዛት፣ የመስታወት መልክ፣ የጡብ ዓይነት፣ የተለወጠውና ያልተለወጠው ሁሉ። ከዚያ ለምን ታሪካዊ እንደሆነ በመስፈርት ይከፈላል፤ በታሪኩ፣ በንድፉ፣ በንድፍ አውጪው። ቀጥሎ ድንበሩ ይሰመራል። ፎቶግራፍ፣ የወለል ንድፍና የመሬት ካርታ ይያያዛል። የሚስ የሥራ ማኅደር ኒው ዮርክ ባለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የተቀመጠ ስለሆነ የመጀመሪያ ሐሳቡን ማረጋገጥ ይቻላል። የብዙ ዘመናዊ ሕንፃዎች ሥዕል ግን ባለቤቱ ምድር ቤት ውስጥ እርጥበት እየበላው ነው፤ ቶሎ ካልተቀዳ ይጠፋል።

በዚህ ጉዳይ ሁለት እንቅፋቶች ነበሩ። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። በብሔራዊው መዝገብ አንድ ሕንፃ በተለምዶ 50 ዓመት መሙላት አለበት፤ ይህ በ2007 ገና 35 ዓመቱ ነበር። ከ50 በታች ለሆነ ሕንፃ ተራ ጠቀሜታ አይበቃም፤ ልዩ ጠቀሜታ መረጋገጥ አለበት። የሚስ ብቸኛ ቤተ መጻሕፍት መሆኑና ኪንግን የሚዘክር መሆኑ እዚህ ዋጋ አገኘ። ንድፍ አውጪው ያልታወቀ ሰው ቢሆን ኖሮ ሥራው እጅግ ይከብድ ነበር፤ ይህ ደግሞ የሥርዓቱ ድክመት ነው። የ1960ዎቹ ጥሩ ሕንፃዎች አብዛኞቹ የዝነኛ አርክቴክት ሥራ አይደሉምና።

ሁለተኛው እንቅፋት ውስጡ ነው። የመስታወት ሕንፃ ውስጡ ከውጭ ይታያል። አመሻሽ ላይ ጂ ጎዳና ላይ የቆመ ሰው የምድር ወለሉን አምዶች፣ ከአምዶቹ ኋላ መስታወቱን፣ ከመስታወቱ ኋላ ደግሞ ብርሃን የሞላውን አዳራሽ በአንድ እይታ ያያል። አዳራሹ በጂፕሰም ግድግዳ ተከፋፍሎ ቢሮ ቢሆን የውጩ መልክም ይሞታል። ስለዚህ ከለላው መግቢያውንና ታላቁን አዳራሽ ጨምሮ የተወሰኑ የውስጥ ክፍሎችን እንዲያካትት ተደረገ። የዋሽንግተን ሕግ ይህን ይፈቅዳል፤ የማይፈቅዱ ከተሞች ብዙ ናቸው። ሁሉም ፎቅ አልተካተተም፤ ይህም ብልህነት ነበር። ሁሉንም የሚያስር ከለላ ቤተ መጻሕፍቱን መደርደሪያ እንኳ እንዳያንቀሳቅስ አድርጎ ጠላት ያበዛ ነበር።

መዝገብ ላይ ሰፍሮ መበስበስ

ከ2007 በኋላ የሆነው ብዙዎች የማይናገሩት ክፍል ነው። ሕንፃው ተጠበቀ፤ ሊፍቱ ግን እንደቆመ ነው። ከለላ ማፍረስን ይከለክላል፤ ጥገናን አያዝዝም፣ በጀትም አያመጣም። ዓመታት አለፉ።

በ2011 አንድ የባለሙያዎች ቡድን መጥቶ አማራጮችን አጠና። ሕንፃው ቤተ መጻሕፍቱ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ ነው ተባለ። ከላይ ፎቅ ይጨመርና ይከራይ፣ ኪራዩ ለእድሳቱ ይዋል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ አካባቢ ነው። ይህ ሐሳብ አራት ዓመት ያህል ወሰደ። በወረቀት ላይ ያምራል። ችግሩ ግን የግል ቢሮ የራሱን መግቢያ፣ የራሱን ሊፍት፣ የራሱን የእቃ ማስገቢያ በር ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ የሚወርደው በተከለለው የምድር ወለል ውስጥ ነው። በ2015 ሐሳቡ ተትቶ ሙሉ ሕንፃው ለቤተ መጻሕፍት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ፎቅ በማከራየት ራሱን ይከፍላል የሚል ዕቅድ ሲቀርብ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት የኪራዩ ዋጋ አይደለም፤ የተከራዩ ሊፍት የት ይወርዳል የሚለው ነው።

ምን ይነካ፣ ምን አይነካ

ለውጡ የመጣው ክርክሩ «ይፍረስ ወይስ ይቁም» ከሚለው ወጥቶ ክፍል በክፍል ሲሆን ነው። ለሕንፃው የንድፍ መመሪያ ተዘጋጀ፤ የትኛው ክፍል እንዳለ ይጠበቃል፣ የትኛው በጥንቃቄ ይለወጣል፣ የትኛው ነፃ ነው የሚለውን የሚለይ። በ2014 መጀመሪያ ሦስት የአርክቴክት ቡድኖች ሐሳባቸውን በሕዝብ ፊት አቀረቡ። የተመረጡት የኔዘርላንዱ ሜካኑና የዋሽንግተኑ አጋሩ ናቸው።

የመጨረሻውን ንድፍ ያስማማው ከላይ የተነሣው የደረጃ ጉዳይ ነው። የመግቢያው ግራና ቀኝ የነበሩት የተዘጉ የጡብ ማማዎች ተከፈቱ፤ በነሱ ቦታ ብርሃን የሚገባባቸው፣ ሰፊና ጠመዝማዛ ደረጃዎች ተሠሩ። ታላቁ አዳራሽ፣ ውጫዊው ጥቁር ብረትና የሚለር ሥዕል ቆዩ። አምስተኛው ፎቅም ተሠራ። ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለተቀመጠ እግረኛ ከታች ሲያይ አራት ፎቅ እንጂ አምስት አይታየውም፤ ጣሪያውም የሕዝብ የአትክልት ሰገነት ሆነ። ላይኛዎቹ ፎቆች ላይ ወደ 290 መቀመጫ ያለው አዳራሽ ገባ፤ ምድር ቤቱ ውስጥ ደግሞ የእጅ ሥራና የፈጠራ ክፍሎች ተሠሩ።

የጡብ ማማዎቹ መፍረስ ለአንዳንድ የሚስ ወዳጆች መራራ ነበር። ማማዎቹ የንድፉ አካል ናቸው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሕንፃውን ለመጥላት ትልቁን ምክንያት የሰጠውም ያ ጡብ ነው። በእኛ አስተያየት ይህን አሳልፎ መስጠት ሙሉ ሕንፃውን አተረፈ። አምስተኛው ፎቅ ደግሞ ለተከራካሪዎች የተመቸ ነበር፤ «ሚስ ራሱ ለዚህ አቅም አስቀምጦለታል» ማለት ይቻል ነበርና፣ አዲስ ነገር በአሮጌ ላይ መቆለል ሳይሆን የተቋረጠን መቀጠል ሆነ።

እንዲህ ያለ የብረትና የመስታወት ሕንፃ ሲታደስ በጥንቃቄ የሚታዩ ነገሮች አሉ። የዘመኑ መስታወት ባብዛኛው ነጠላ ነው፤ በክረምት ያልበዋል፣ ውሃው ወደ ብረቱ ማዕዘን ይወርዳል፣ ብረቱ ይዝጋል። ዝገት ብረትን ያሳብጣል፤ ያበጠው ብረት መስታወቱን ይጫነውና ይሰነጥቀዋል። ሰው የተሰነጠቀውን መስታወት ይቀይራል፣ ዝገቱን ግን ይተዋል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ቦታ እንደገና ይሰነጠቃል። ነጠላውን በድርብ ልቀይር ሲባል ደግሞ ውፍረቱ በነባሩ ማቀፊያ አይገባም፣ ክብደቱም ይጨምራል፤ ማቀፊያው ከተለወጠ የሕንፃው ቀጭን መስመር ይወፍራል። ቀለም ያለው መስታወት በካታሎግ አይመረጥም። ሙሉ መጠን ያለው ናሙና ሕንፃው ላይ ይገጠምና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መብራት በርቶ ይታያል፤ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ነሐስ የመሰለው ፀሐይ ላይ ሮዝ ሊሆን ይችላል። በዚያ ዘመን ኮርኒስና ቱቦ ላይ አስቤስቶስ የሚባለውን ለጤና አደገኛ ቃጫ፣ ቀለም ላይ ደግሞ መርዛማውን የእርሳስ ብረት ማግኘት የተለመደ ነው፤ በጀቱ ሳይዘጋ ካልተመረመረ ሥራ መሃል ላይ ያስቆማል።

ሕንፃው በመጋቢት 2017 ተዘጋ፤ በመስከረም 2020 ተከፈተ። እድሳቱ 211 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ።

ያልሠራው

የውበት ክርክር አልሠራም። «ይህ የሚስ ሥራ ነው» የሚለው ቃል ለቦርዱና ለባለሙያው ይጠቅማል፤ ልጇን ይዛ የተበላሸ ሊፍት ፊት ለቆመች እናት ግን ስድብ ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተከራካሪዎች ንግግር ያዘነበለው ወደዚህ ነበር።

መዘግየቱም ዋጋ አስከፍሏል። ከመዝገብ እስከ መዘጋት አሥር ዓመት ማለት አንድ ሕፃን ትምህርት ቤት ገብቶ አምስተኛ ክፍል እስኪደርስ የከተማው ዋና ቤተ መጻሕፍት ደካማ ሆኖ ቆየ ማለት ነው። ተከራካሪዎቹ ከከለላው ጋር የጥገና በጀት በአንድ ላይ አለመጠየቃቸው ስህተት ነበር።

ሕንፃው በተዘጋበት ሦስት ዓመት ተኩል መሃል ከተማው ውስጥ ውሎ ማሳለፊያ ያልነበረው ሰው ወዴት ሄደ የሚለው ጥያቄም በበቂ አልተመለሰም። በመጨረሻም የተከፈተው በኮቪድ መሃል ስለነበር ሕዝቡ አዲሱን ደረጃ እንደልቡ የወጣው ቆይቶ ነው።

በዚያው ዓመት መዝገብ ገብቶ የተሸነፈው ሕንፃ

በዚያው 2007፣ በዚያው ቦርድ፣ አሥራ ስድስተኛው ጎዳና ላይ ያለ ሌላ ዘመናዊ ሕንፃ መዝገብ ገባ። በ1971 የተሠራ ባለ ስምንት ማዕዘን የኮንክሪት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ንድፍ አውጪው አራልዶ ኮሱታ ይባላል። ልዩነቱ ባለቤቱ ነው። ምዕመናኑ ራሳቸው ሕንፃውን አይፈልጉትም ነበር። መስኮት የሌለው ያህል ጨለማ ነው፤ ለማሞቅ ውድ ነው፤ አምፖል ለመቀየር መወጣጫ ብረት መትከል ያስፈልጋል። በሃይማኖት ነፃነት ስም ከተማውን ከሰሱ። በ2009 የከንቲባው ወኪል የማፍረስ ፈቃድ ሰጠ፤ በ2014 ፈረሰ፤ ቦታው ላይ ሌላ ሕንፃ ቆመ።

ሁለቱም ሕንፃዎች አንድ ከለላ ነበራቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ግን ሕንፃውን ለዋለለት ሥራ የሚፈልግ ተጠቃሚና ገንዘብ መመደብ የሚችል ባለቤት ነበረው። ለቤተ ክርስቲያኑ የተከራከሩት ሰዎች ለአምፖሉ መልስ አልነበራቸውም። ከፍታ ላይ ያለ አምፖል በገመድ ወርዶ እንዲቀየር ማድረግ በየስታዲየሙና በየትልልቁ አዳራሽ ያለ ሥራ ነው፤ ወጪው ተሰልቶ ከማመልከቻው ጋር ቢቀርብ ምን ይሆን ነበር የሚለው ሊታሰብ የሚገባው ነው።

ለሌላ ጉዳይ የሚወሰድ

የመጀመሪያው ሥራ የሕንፃውን ችግሮች በሦስት ዓምድ መጻፍ ነው፤ ባለመጠገን የመጣ፣ ዕድሜው ያለቀ፣ ንድፉ ላይ የነበረ። ሊፍትና ማቀዝቀዣ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 30 ዓመት ነው፤ የነሱ መበላሸት ስለ አርክቴክቱ ምንም አይናገርም። በሦስተኛው ዓምድ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት መስመር አይበልጥም። እዚያ ላይ ነው መስማማትና መስጠት የሚያስፈልገው። ሦስተኛውን ዓምድ ባዶ አድርጎ የሚያቀርብ ተከራካሪ ግን አይታመንም።

የሚጠበቀውን መምረጥም ቀድሞ መሆን አለበት። አርክቴክት ተቀጥሮ ንድፍ ካቀረበ በኋላ የሚመጣ ዝርዝር የተቃውሞ ዝርዝር ይመስላል፤ ከመቅጠሩ በፊት የተሰጠ ግን የሥራ መመሪያ ነው።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ሂደት ለመሳተፍ እንግሊዝኛው አያግደውም። የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚው ግን ከስብሰባው ቀናት አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ በዕለቱ መጥቶ መጠየቅ ባብዛኛው አያስገኝም። ለቦርድ የሚሰጥ ምስክርነትም አጭር ነው፤ «እንወደዋለን» ከሚል ንግግር ይልቅ ሕንፃው ውስጥ የተሠራን አንድ ነገር ቀንና ቦታ ጠቅሶ መናገር ሰነዱ ላይ ይገባል።

አዲስ አበባ ውስጥ የዚሁ ዘመን ሕንፃዎች ብዙ ናቸው። አርቱሮ ሜዘዲሚ የነደፈው አፍሪካ አዳራሽ በ1961 ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 የተመሠረተው እዚያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት 56.9 ሚሊዮን ዶላር መድቦ አሳደሰው፤ በጥቅምት 2024 ተከፈተ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር የሚያመሳስለው ሕንፃውን ለዋለለት ሥራ የሚፈልግ ባለቤት ማግኘቱ ነው። ያን ያህል ዕድል የሌላቸው የዚያ ዘመን ቢሮዎች፣ ሲኒማ ቤቶችና መኖሪያ ቤቶች ጉዳይ ሌላ ነው፤ እነዚህን ማዳን የሚጀምረው በሥዕላቸው ነው። ሥዕሎቹ ብዙውን ጊዜ በሦስት ቦታ ይፈለጋሉ፤ በሕንፃው የጥገና ክፍል ቁም ሳጥን፣ በከተማው የግንባታ ፈቃድ መዝገብ ቤት፣ በንድፍ አውጪው ወራሾች እጅ። የጥገና ክፍሉ ቁልፍ ያለው ሰው ጡረታ ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ነው።